ከገጹ ጀርባ የነበረው ስሜ

ስልኬ ሲጠራ የመሥሪያ ቤታችንን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር እየወለወልኩ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አነሳሁት። ሃሎ ከማለቴ አንድ ወንድ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ረጋ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ አነበበ። የክርስትና ስሜን አነበበ። ስልክ ቁጥሬን፣ የቤት ቁጥሬን፣ "ከጋራዡ ጀርባ፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ በር" የሚለውን፣ ከዚያ የልጄን ስም። በየመሀሉ ቆም ይል ነበር፤ ንባብ ይቸግረዋል። ያወቅሁት በዚያ መቆራረጡ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት የልጄ አባት ነበር።

"'ባለቤት' ይላል እዚህ ጋ" አለኝ መጨረሻ ላይ። "'በሕይወት የለም' ይላል። ገደልሽኝ አይደል?"

 መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። የወንድሙ ልጅ ሞባይል እንደሚጠግን፣ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ጽፎ ቢፈልግ አንድ ገጽ እንደመጣለት፣ ከገጹ ጀርባ ገብቶ ሲያይ ይኼ ሁሉ እንደተገኘ፣ ደስ እያለው ነገረኝ። ዛሬ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ተረኛ መሆኔንም አውቋል።

"መኪና ላይ ነኝ" አለ። "የሞተው ሰውዬ ለቅሶ ሊደርስ እየመጣ ነው።"

ዘጋው። ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። አንዱ ሠራተኛ ተራምዶኝ ሊያልፍ ሲል ምነው አመመሽ አለኝ፤ አዎ አልኩት።

የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። የልጄ አባት በር ከፍቶ እጄን መቃኑ ላይ አስይዞ በሩን መልሶ ዘግቶብኝ ነው። ያኔ ልጄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አጠገባችን ቆማ ታይ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እሱ ገበያ በሄደበት፣ ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ልደታ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ለዘመድ አልነገርኩም። እናቴ ስትሞት እንኳ ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም፣ ያገኘኛል ብዬ። እንዲህ ተደብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ታዲያ ከየት አገኘው? ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያነበበልኝን በልቤ ደገምኩት። ስም፣ የክርስትና ስም፣ ስልክ፣ ቤት፣ የቤቱ ምልክት፣ ልጆች፣ ባለቤት። በዚህ ተራ የተጻፍኩት በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው። የእድራችን መዝገብ ላይ።

እድር የገባሁት እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ብሞት ልጄ ሬሳዬን ታቅፋ ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ። ጸሐፊው፣ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ናቸው፣ ትልቁን መዝገብ ዘርግተው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የክርስትና ስም ለምን ያስፈልጋል ብላቸው፣ ካህኑ በምን ስም ይፍቱሽ ታዲያ ብለው ሳቁብኝ። ባለቤት ሲሉኝ ትንሽ ዘገየሁ። ከዚያ ሞቷል አልኩ። እድር ለማን ለማን እንደሚደርስ ማወቅ አለበት፤ አለ ብል ስሙን፣ ያለበትን ቦታ ይጠይቁኛል። ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡና እግዚአብሔር ያጥናሽ አሉኝ። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጀርባዬን እያሻሹ አይዞሽ ልጄ አሉኝ። አለቀስኩ። እውነተኛ ልቅሶ ነው ያለቀስኩት፤ እነሱ ግን ለባሏ ነው ብለው አሰቡ።

አምና ጡሩምባ ነፊያችን ደረቱ አልችል ብሎት ጡሩምባውን ለእድሩ መለሰ። በእሱ ፋንታ የሚለፍፍ ወጣት ጠፋ። ኮሚቴው ልጄን ለመናት። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራ፣ ቤት ቁጭ ብላ ለአንድ ድርጅት ዌብሳይት ትሠራለች። የእድሩን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ፣ የለቅሶ ማስታወቂያ ገጽ በነጻ ሠራችላቸው። ከላይ ማን እንዳረፈና ድንኳኑ የት እንደተተከለ፣ መሀል ላይ የሳምንቱ ተረኞች፣ ከታች የኮሚቴው መልእክት። የይለፍ ቃል ይኑረው ብላ ነበር። ጸሐፊው ግን፣ ሽማግሌ ለቅሶ ሊደርስ ሲል ቁልፍ ጠፋብኝ ይበል እንዴ አሏት። ክፍት ሆነ።

እኔ ደግሞ ስሜ እንዳይወጣ ለመንኳት። እሷም የሁሉንም ተረኛ በክርስትና ስም አደረገችው፣ እኔ ብቻዬን ተለይቼ እንዳልታይ። ጸሐፊው ይኼማ በረከት አለው ብለው ወደዱት። እኔም በልጄ ኮራሁ። አሁን ሳስበው ያ ኩራቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከመሥሪያ ቤት ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ሜክሲኮ ላይ ባቡር ተሳፍሬ ልደታ እስክደርስ ድረስ ለልጄ ደወልኩ፤ አታነሳም። ሥራ ስትሠራ ጆሮዋን ደፍና ነው። እቤት ስገባ አልጋው ላይ ላፕቶፗን ይዛ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ነቅዬ ነገርኳት።

መጀመሪያ አላመነችም። "እማ፣ ገጹ ላይ እኮ የለም። የሠራሁት እኔ ነኝ" አለችኝ። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም የለም። የሟቿ አሮጊት ስም፣ ድንኳኑ ያለበት ቦታ፣ ከዚያ ተረኞች፣ ከእነሱ መሀል የእኔ የክርስትና ስም ብቻውን። ስልክ የለ፣ ቤት የለ። ለትንሽ ጊዜ አእምሮዬ የታወከ መሰለኝ። ድሮም ሰው ሁሉ እሱ ይመስለኛል።

"ባለቤት በሕይወት የለም የሚለውን አነበበልኝ" አልኳት።

 ያንን የምናውቀው እኔ፣ እሷና የእድሩ መዝገብ ነን። ላፕቶፑ ላይ ገጹን ከፈተችና አንድ ነገር ስትነካ ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ። ሰው እንዲያነበው ያልተሠራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ። ስሜን ጻፈችና ፈለገችው። ቢጫ ሆኖ በራ። ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ። ከሱ ቀጥሎ ስልኬ። ከሱ ቀጥሎ አረንጓዴው በር። የእኔ ብቻ አይደለም፣ የተረኞቹ ሁሉ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ፣ ልጇ የታመመባት ጎረቤታችን፣ ሁሉም እዚያ ተደርድረዋል።

"ገጹ መዝገቡ የተቀመጠበትን ሰርቨር ተረኞቹን ስጠኝ ይለዋል" አለች፣ ዓይኗን ከጽሑፉ ሳታነሳ። "ሰርቨሩ ከነሙሉ መዝገባቸው ይሰጠዋል። እኔ ከዚያ ውስጥ የክርስትና ስሙ ብቻ እንዲታይ ነው የጻፍኩት። የቀረው አብሮ ይሄዳል፣ አይታይም እንጂ።"

"አይታይም እንጂ ተልኳል?"

"ተልኳል።"

"ለማን?"

"ገጹን ለከፈተ ሁሉ።"

ይኼ ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጽዳቱ ሌላ ተላላኪ ሆኜም እሠራለሁ። ኃላፊው የአንድ ሰው አንድ ደብዳቤ ይፈልጋል። መዝገብ ቤት ወርጄ ስጠይቅ፣ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ከማኅደሩ መንቀል ይሰለቻትና ማኅደሩን በሙሉ ታሸክመኛለች። የሰውየውን ቅጣት፣ ሕመም፣ የፍቺ ወረቀት ሁሉ ይዤ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ። ኃላፊው ያቺን ደብዳቤ ብቻ ያያል። በመንገድ ላይ ግን አንድ ሰው እስኪ ያዢልኝ ብሎ ቢገልጠው ያለውን ሁሉ ያነባል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ሰው ከሰው ተጣልቷል። ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ የፈለግሁትን ወረቀት ብቻ ስጪኝ እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ። በጭቅጭቁ ነው ጓደኛ የሆንነው።

"ለምን ስሙን ብቻ አትጠይቂውም ነበር?" አልኳት ልጄን።

ገጹ ሦስት ክፍል ነው አለች። እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ሰርቨሩን ከሚጠይቅ፣ አንዴ ሁሉንም አምጥታ ለሦስቱም ብታካፍል ይፈጥናል፣ ለሷም ይቀላል። ከላይ ተቀብላ ወደታች አሳለፈችው። በኋላ አጠራዋለሁ ብላ ነበር። ቸኩዬ ነበር አለች። ለነጻ ሥራ ነው አለች። ከዚያ ይኼን ማለቷ ራሷን አሳፈራት።

ያኔ አንድ ነገር አልኳት። "ዘጠኝ ዓመት እኔ የደበቅሁትን አንቺ አውጥተሽ ሰጠሽው" አልኳት።  ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈለግሁ፤ ግን እውነት ነበርና ተውኩት።

ለጸሐፊው ደወልኩ። ድንኳን ውስጥ ስለነበሩ ወጣ ብለው አነጋገሩኝ። ጉዳዩን በአጭሩ ነገርኳቸው። 

"የትኛው ባልሽ?" አሉኝ።

አንድ ነው ያለኝ አልኳቸው።

ሞቷል ብለሽ አይደለም እንዴ ያስመዘገብሽው አሉ። በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ነፍስ ይማር ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። የእድር መዝገብ ላይ ውሸት ማስጻፍ ከእድር እንደሚያስወጣ አውቃለሁ፣ ጋሼ፣ እሱን በኋላ ይቅጡኝ፣ አሁን ገጹ ይዘጋልኝ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። አሮጊቷ የተቀበሩት ትናንት ነው፤ ድንኳኑ ከአብነት በታች መንገድ የማይገባበት ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሰው የሚያገኘው በዚያ ገጽ ነው። ጡሩምባ የለንም። ሣልስት ሳይወጣ ገጹን ብዘጋ የሟች ልጆች ምን ይሉኛል አሉ። ለሬሳ የሚያስቡትን ያህል ለእኔ አላሰቡም ብዬ ተቃጠልኩ። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ሳይዘጋም ማስተካከል እችላለሁ አለቻቸው።

አጠገቧ ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱ የገጹ ክፍል የራሱን ብቻ እንዲጠይቅ አደረገች። የላይኛው የድንኳኑን ቦታ ብቻ። የመሀሉ የክርስትና ስም ብቻ። ሰርቨሩም የተጠየቀውን ብቻ ቆርጦ እንዲሰጥ፣ ሌላው ከቤቱ እንዳይወጣ። አሥር ደቂቃም አልፈጀባት። ሕይወቴን ያናጋው ስህተት ሽንኩርት ልጦ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ የሚታረም ነበር።

አለቀ ስትለኝ በእኔ ስልክ ክፈችው አልኳት። ከፈተችው። ስሜ አሁንም ከጀርባ አለ።

ላፕቶፗን መልሳ ሳበች። ከዚያ ገባት። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ እንዳይደክም፣ አንዴ የሠራውን ገጽ አስቀምጦ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ያድላል። አንድ ቀን ያቆየው ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። የተቀመጠውን አስጣለችው። እንደገና ከፈትን። የለም። ሦስተኛ ጊዜ እንድትከፍት አስገደድኳት። የለም።

"ጠፋ?" አልኳት።

"ከእኛ ጋ ጠፋ" አለች። "ካነበበው ሰው ላይ ግን ላጠፋው አልችልም።"

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ድንኳን መገኘት አለብኝ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ፤ መሄዱንም መቀመጡንም አልቻልኩም። ሟቿ እኒያ እድር ስገባ ጀርባዬን ያሻሹልኝ አሮጊት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዩኝ ቁጥር ልጄ ይሉኝ ነበር። ላልሞተ ሰው ያጽናኑኝን ሴትዮ፣ እሳቸው ሲሞቱ ለልጆቻቸው ውኃ አላቀርብም? ለልጄ ይኼን አልኳት።

"እማ፣ እዚያ እንደምትሆኚ ተጽፎለታል" አለችኝ። "እኔ ነኝ የጻፍኩለት። እባክሽ አትሂጂ።" ከልጅነቷ ጀምሮ እባክሽ ብላኝ አታውቅም።

ልብስ በሁለት ፌስታል ከተትኩ። የት እንደምንሄድ ግን አላውቅም። ለመዝገብ ቤቷ ጓደኛዬ ደወልኩና ነገርኳት። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ብቻዋን። ብዙ አልጠየቀችኝም። አስፈቅጄ ወጥቼ በር እከፍትልሻለሁ አለች።

ልጄ ላፕቶፗን ጠቅልላ ስትጨርስ ስልኬ ጠራ። እሱ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ጸሐፊው ናቸው። በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

"የሞተው ባልሽ እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ እየበላ ነው" አሉኝ።

 የሟች ዘመድ ነኝ ብሎ ገባ አሉ። ከዚያ በክርስትና ስሜ ጠየቀ። ተረኛ ሴቶቹ በዚያ ስም የሚጠራኝ የቅርብ ሰው መስሏቸው፣ አሁን ትመጣለች ብለው ወንበር ሰጡት። ጸሐፊው እጁ ላይ የነበረውን ስልክ አጮልቀው ሲያዩ የእድራችንን ገጽ ጀርባ አዩ፤ በገዛ እጃቸው መዝገብ ላይ ያሰፈሩትን ሁሉ አነበቡት።

አባሩት አልኳቸው። ለፖሊስ ይደውሉ አልኳቸው። ፖሊስ ምን አደረገ ይላል፣ ንፍሮ በላ ልበል አሉኝ። ቀልዳቸው አላሳቀኝም፤ እሳቸውም አልሳቁም።

"ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም" አሉኝ። "ግን ደግሞ ሳይጋበዝም አይነሣም። ግራና ቀኙ ሁለት ጠንካራ ሰው አስቀምጬበታለሁ። ሻይ ይመጣለታል፣ እንደገና ንፍሮ ይመጣለታል። አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። አንቺ ውጪ።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ አልኳቸው።

"የመዝገቡን ነገር ግን አልረሳሁትም" ብለው ዘጉት።

ወጣን። ከግቢው ስንወጣ ማንም የለም፤ ተከራዩ ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ለቅሶ ነው። አረንጓዴውን በር ስቆልፈው ቁልፉን ይዤ መሄድ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፤ ግን ቆለፍኩት። ባቡር ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ፈራሁ፣ ከሩቅ ይታያል። በእግራችን ነው የሄድነው። ልጄ ላፕቶፑን በጀርባዋ አዝላ ከፊት፣ እኔ ፌስታሎቹን ይዤ ከኋላ። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ሁሉ እሱ ነበር። ሲኖትራክ ከኋላችን ክላክስ ሲያደርግ የያዝኩት ፌስታል ወደቀ። ልጄ አነሳችውና ከዚያ በኋላ እጄን አልለቀቀችም፤ የማይታጠፉትን ጣቶቼን ነው የያዘችው። የሁለታችንም እጅ ላብ ነበር።

ከጓደኛዬ ሕንጻ ፊት ያለው ግንባታ አጠገብ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። የእሱ ቁጥር ነው። ጸሐፊው አቆየዋለሁ ያሉኝ አንድ ሰዓት አልቋል ማለት ነው። ልጄ ሲም ካርዱን ከስልኩ አወጣችው። ድንጋይ ጠራቢዎችና ሲሚንቶ አቡኪዎች መሀል አልፈን ሕንጻው ውስጥ ገባን።

አራት ፎቅ ነው የወጣነው። ጓደኛዬ በሩን ከፍታ ቆማ ትጠብቀናለች። አስገባችንና ከኋላችን በሁለት ቁልፍ ቆለፈች፣ ከዚያ የብረቱን መቀርቀሪያ ጨመረችበት።

"እዚህ ደጅ ወንድ ደርሶ አያውቅም" አለችኝ። "እንዲመጣ ስጸልይ እንኳ አልመጣም።"

ልጄ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እማ፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። ይቅር ብያለሁ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ተነሽ፣ ወለሉ ይቀዘቅዝሻል ብቻ አልኳት።

ቤቴ ቀረ። አሮጊቷን ሳልሰናበት ቀረሁ። እድሬንም ሳላጣው አልቀርም፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ኑሮ በሁለት ፌስታል አለቀ። በጥፋቴ አይደለም፤ ያጠፋችውም ክፉ አስባ አይደለም፤ ይኼ ነው የሚመረኝ፣ የምረግመው ሰው ማጣቴ። እሱን እንዳልረግመው እርግማን አልቆብኛል።

በመስኮቱ ወደታች አየሁ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል፤ ወደ እኛ ቀና የሚል የለም። የዚህን በር ቁጥር ለማንም አልሰጠሁም፣ የትም አልተጻፈም። በሩ ተቆልፏል። ልጄ ከእኔ ጋ ናት። ሊደርስብን አይችልም። ደህና ነን።